ከቤት የማትወጣ ልጅ

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ከቤት የማትወጣ ልጅ ትመረቅ ነበር። ቡና የጠጡ ጎረቤቶች ሲነሱ እናቴን «ታድለሽ! ያንቺዋ እኮ ድምፅዋ እንኳ ከአጥር አያልፍም» ይሏታል። የእናቴ ፊት ይፈካል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሲኒ እያለቀለቅሁ እሰማለሁ። ጎረቤቶቻችን ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያዩትን ነበር የሚናገሩት። ያዩት ቤቷን የምትጠብቅ፣ ታናናሾቿን የምታበላ፣ መንገድ ለመንገድ የማትገኝ ልጅ ነው። ያቺ ልጅ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ሳሙና ለመግዛት ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ከደረሰች በኋላ ጉልበቷ ከድቷት እንደምትመለስ፣ ሳሙናውንም ሁልጊዜ ታናሽ ወንድሟ እንደሚገዛ አላዩም። ብጠየቅ ምን እመልስ እንደነበር እንጃ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሕመሜ ስም እንዳለው ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ አጎራፎቢያ ይሉታል። ሰው ከቤቱ ሲርቅ፣ ብዙ ሕዝብ መሀል ሲገባ፣ ወይም ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም፣ «አንድ ነገር ቢደርስብኝ ማምለጫ የለኝም፣ የሚደርስልኝም የለም» በሚልበት ቦታ ሁሉ የሚይዘው ከባድ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ቬስትፋል የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም የበርሊንን ሰፋፊ አደባባዮች ማቋረጥ ስላቃታቸው ሰዎች ጻፈ። ሰዎቹ አእምሯቸው አልታወከም፤ እንደማንኛውም ሰው ያስባሉ፣ ይጫወታሉ። አደባባዩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ልባቸው ይደልቃል፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። አብሯቸው የሚሻገር ሰው ሲያገኙ ይቀላቸዋል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጭት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር እኔ ዘንድ ሳይደርስ ወጣትነቴ አለፈ።

በርሊን አደባባይ ነበራት፤ እኛ ደቻቱ አለን። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ደቻቱ መሀሏን ይሰነጥቃታል። ወዲህ ከዚራ፣ ቀጥ ያሉ ባለዛፍ መንገዶቿና የድሮው ባቡር ጣቢያ፤ ወዲያ መጋላ፣ ጠባብ መንገዶቿና ገበያዎቿ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም። አሸዋ ነው። ልጆች ሳለን ድልድዩን ትተን በአሸዋው ነበር የምንሻገረው፤ ፍየሉም፣ ግመሉም፣ እንጨት የተሸከሙት ሴቶችም፣ ኳስ የሚራገጡት ልጆችም እዚያው ናቸው። ደቻቱን መሻገር ያቃተው የከዚራ ሰው ቀፊራ ገበያ አይሄድም፣ ማዶ ያለ ዘመዱን አይጠይቅም፣ ለቅሶ አይደርስም። እኔ ተወልጄ ባደግሁባት ከተማ ግማሿን ብቻ ይዤ ኖርሁ፤ ኋላም እሷኑ አጣሁ።

አባቴ የሽመንደፈር ሰው ነበር፤ ሎኮሞቲቭ ይጠግናል። የማለዳ ሰላምታው በፈረንሳይኛ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ የጠጣ ማታ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እናቴ ነጋዴ ነበረች። በባቡር ጅቡቲ ትወርዳለች፤ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሩዝና ፓስታ ይዛ ትመለሳለች። የጉምሩክ ጠባቂው፣ ፊናንስ፣ ያገኛት ጊዜ ባዶ እጇን ትመጣለች። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠረው አልፈልግም። አንድ ጣሪያ ሥር መክረም ግን አልቻሉም። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ሽማግሌ ይመልሰዋል። እናቴ በቀጠረችው ቀን ከጅቡቲ አትመጣም፤ ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ አንድ ማለዳ በር አንኳኩታ ትገባለች። ቡና ይፈላል፣ ይታረቃሉ። በ1990ዎቹ ባቡሩም እየደከመ ሄደ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጉዞ ሳሳ፣ ሳሳና በመጨረሻ ቆመ። አባቴ ቤት የሚውልበት ቀን በዛ፤ ጥሉም በዚያው ልክ።

የበኩር ልጅ ነኝ። የአባቴን ማታ የማውቀው ከበሩ አከፋፈት ነበር። የውጭው የብረት በር ቀስ ብሎ ከተከፈተ ሰላም ነው፤ ከተወረወረ ታናናሾቼን ይዤ ወደ ኋላ ክፍል እገባለሁ። የእናቴ ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ካለ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ወርዶ በሩ አጠገብ ከተቀመጠ ስጠብቅ አድራለሁ። በኋላ ላይ ሰዎች «ያን ያህል ቤት ትወጂ ነበር?» ሲሉኝ ያመኛል። ቤቱን አልወደድሁትም። ዘብ ቆሜለት ነበር።

በሐምሌ 1998 እንደ ልማዳቸው ተጣሉ። እናቴ ነጠላዋን ብቻ ደርባ ማዶ አክስቴ ቤት ሄደች። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ወረደ። ሰዉን በተኛበት ነው የደረሰበት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች መጠጊያ አጡ። የውሃውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከድምፁ ቀጥሎ የመጣውንም ጩኸት። መሻገሪያ የለም፣ ወሬ የለም። እናቴን ያገኘናት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው፤ በባዶ እግሯ፣ የአክስቴን ሕፃን ታቅፋ፣ ከፍ ያለ ግቢ ውስጥ ተጠግታ። አባቴ በሕዝብ መሀል አቅፏት አለቀሰ። ከዚያ እስከ መስቀል ድረስ በቤታችን ከፍ ያለ ድምፅ አልተሰማም።

እኔ ግን በዚያ ጠዋት አንድ ነገር አመንሁ፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ በቃል እንኳ ሳላስበው። ተጣልቶ ከቤት የወጣ ሰው ውሃ ይወስደዋል፤ ሁሉም ቤት ከሆነ ማንም አይሞትም።

ጥቅምት ላይ ወደ ቀፊራ ስሻገር አሸዋው መሀል ያዘኝ። ደመና የለም፤ የድሬ ፀሐይ ነው። ልቤ ድንገት ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ አየር አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የሰዉ ድምፅ ራቀብኝ። መሞቴ ነው አልሁ። ዘንቢሌን ጥዬ ወደ መጣሁበት ሮጥሁ። የቤታችንን በር ዘግቼ ስቀመጥ ልቤ ረጋ።

ያሰረኝ ያ እፎይታ ነው። ሸሽቶ የዳነ ሰውነት መዳኛው መሸሽ መሆኑን ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አሸዋው ገና ከሩቅ ሲታይ ያንኑ ይጠይቃል። መጀመሪያ ቀፊራን ተውሁ፣ ከዚያ ድልድዩን። የማታ ትምህርቴን አቋረጥሁ። ለገሀርን፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ስለሆነ ተውሁት፤ ቤተ ክርስቲያንን ደግሞ ቅዳሴ መሀል ጥሎ መውጣት ነውር ስለሆነ። በመጨረሻ የቀረኝ የግቢያችን አጥር ነው። እህቴ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ስትዳር ሠርጓ ላይ አልነበርሁም። ዘመዶቻችን «ቤት ጠባቂ ያስፈልግ ነበርና እሷ ቀረች፤ ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ተባባሉ። እህቴ ግን እስከ ዛሬ የሠርጓን አልበም እኔ ፊት አትከፍትም።

ያ ምስጋና ሽማግሌ አስላከብኝ። ከበሬታ ያለው ቤተሰብ ነው፤ ስለ ጨዋነቴ ሰምተው ነው የመጡት። ወላጆቼ ደስ አላቸው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማስበው ስለ ሰውየው አልነበረም። ስለ አዳራሹ፣ ስለ አጃቢው፣ ስለ መኪናው፣ ከሁሉም በላይ በማግስቱ ይህን በር የሚጠብቅ ሰው ስለማይኖር ነበር። እምቢ አልሁ። ኩሩ ተባልሁ። ጨዋም ኩሩም ሲሉኝ ሁለቱም ፍርሃቴ ላይ የተለጠፉ ስሞች ነበሩ። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ሕመም ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ያህል እንደሚታይ ያሳያሉ፤ ወንዱም ግን አለ። በእኛ ከተማ ከቤት መውጣት የከበደው ወንድ ከቀትር እስከ ማታ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሊያልፍ ይችላል፤ ሰው የሚያየው ጫቱን ነው።

ስለ ቤታችን እውነቱ ይነገር ከተባለ ሕመሜ ለሁሉም ተስማምቶ ነበር። እናቴ ጅቡቲ ስትወርድ ቤቱ ሰው አለው። አባቴ ሲመጣ ራቱ ትኩስ ነው። ታናናሾቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር የሚከፍትላቸው አለ። አስቦ ያሰረኝ የለም፤ እንዴት እንደምወጣ የሚያስብም አልነበረም። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ መለያየት ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አጎራፎቢያ ሲጽፍ ዓይኑን ከአደባባዩ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ወላጆች በሚጣሉበት፣ አንዱ «ጥዬ እሄዳለሁ» እያለ በሚዝትበት ቤት ያደገ ልጅ «እኔ ዞር ስል እናቴ አንድ ነገር ትሆናለች» ብሎ ከቤት መራቅ ሊያቅተው እንደሚችል ያስረዳል። ሰላም ከሰፈነበት ቤት የወጣ ሰውም ይታመማል፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መስፈር አይገባም። የእኔ ግን ይኸው ነበር። መጽሐፉ የታተመው እኔ ሳልወለድ ነው።

መድኃኒት አልተፈለገልኝም ማለት ግፍ ይሆናል። እናቴ ጸበል በጀሪካን አስመጣችልኝ። አዴ የምንላት ሙስሊም ጎረቤታችን ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጥታ ፊቴን ታብሰኝ ነበር፤ እጇ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ለታመመ ልጅ ድሬ ላይ የሃይማኖት አጥር የለም። በታኅሣሥ እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ መኪና ተከራየችና ይዛኝ ወጣች። የደንገጎን ዳገት ጀምረን እግረኛው ምዕመን መንገዱን ሞልቶት ሳይ ጮህሁ፤ ሾፌሩ አዙሮ መለሰን። እናቴ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረችም። ሐኪም የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ያኔ ስለ አእምሮ ሕክምና ሲነሳ ሰው የሚያውቀው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ስሙም ሰው ለመዝለፊያ የሚጠራው። አገራችን የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ነው፤ የእኔ ሕመም ሲጀምር ትምህርቱ ገና ለጋ ነበር።

በመጨረሻ ወላጆቼ ተለያዩ። ቤቱ ፈረሰ፤ እኔ ውስጡ ሆኜ፣ ከበር ሳልወጣ ስጠብቀው ፈረሰ። ዕቃ ሲከፋፈል ወለሉ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ዘብነቴ አንዲት ቀን እንኳ አላቆያቸውም። በጣም አመመኝ፤ ከትከሻዬ ግን የሆነ ነገር ወረደ።

ከእናቴ ጋር ወደ ተከራየነው ግቢ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ይመጣ ነበር። የመጣው አከራያችንን ሊጠይቅ ነው፤ ዘመዳቸው ነው። የውጭው በር ሲከፈት ወደ ውስጥ ስሸሽ ደጋግሞ አየኝና አንድ ቀን «ከዚህ በር ስትወጪ ምን ይሰማሻል?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሳላቋርጥ ነገርሁት። ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «አቦ፣ ይኼ የታወቀ ነገር ነው» አለኝ። «ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። አንቺ ሁልጊዜ ሳይወርድ ነው የምትመለሽው። ሲወርድ አይተሽው አታውቂም።»

ከዚያ በኋላ ሐኪም ደረቴንም ሁሉንም መረመረ፤ መድኃኒትም ለተወሰነ ጊዜ ወሰድሁ። ትልቁ ሥራ ግን የእግር ነበር። በሩ ላይ መቆም፣ እስኪወርድ። ሲቀል አጥሩ ጥግ። ከዚያ ሱቁ። ከዚያ ደቻቱ ዳር፤ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር እጅ ለእጅ፣ ከዚያ እሷ ማዶ ቆማ እያየችኝ፣ ከዚያ ብቻዬን። አሸዋው መሀል ልቤ ሲደልቅ፣ እግሬ «እንሩጥ» እያለ ሲለምነኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ወረደ። በዚያ ቀን ቀፊራ ገብቼ ሙሸበክ ገዛሁና እዚያው ሕዝቡ መሀል ቆሜ በላሁት። ጣፋጩ በጣቶቼ ላይ እየተጣበቀ አለቀስሁ፤ ሻጯ ተጨማሪ ጨመረችልኝ።

አሁን የምሠራው መልካ ጀብዱ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል። የልጅነቴ ባቡር ከተማው እምብርት ድረስ ይገባ ነበር፤ የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፣ ሥራውም ወደ ሜዳው ወጥቷል። እንደ እኔ ያለ ሰው የሚፈራው ሁሉ እዚህ አለ፤ ከመቶ ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ፣ ጥላ የሌለው ሰፊ አስፋልት፣ ከመግቢያው እስከ ሼዱ ረጅም መንገድ፣ ሼዱ ውስጥ ረድፍ የያዘ ሕዝብ፣ ሰርቪሱ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ ሰው። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን ያን አስፋልት የምሄደው «ይውረድ፣ ይውረድ» እያልሁ ነበር። ዛሬም ሰርቪስ ላይ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

በር አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ቢጤውን ያውቃል። ከገጠር ከመጣች አንዲት ልጅ ጋር ሁልጊዜ ለዚያ ወንበር እንሽቀዳደም ነበር። ሰርቪሱ ሲሞላ ወርዳ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ሼድ ውስጥም ጫፍ ላይ ያለውን ማሽን ለምና አገኘች። ቀጥሎ ማርፈድ ጀመረች፤ ቀጥሎ መቅረት። እኔ መዝገቡ ላይ የማሰፍረው አንድ ቃል ነው፦ «ቀሪ»።

ከሥራ በኋላ ወደ ተከራየችው ክፍል ሄድሁ። አከራይዋ በአክብሮት ቡና አቀረቡልኝና፣ «እህቴ፣ እንዲህ ያለች ተከራይ አግኝቼ አላውቅም፤ ጨዋ ናት፣ ከክፍሏ አትወጣም» አሉኝ። ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። ልጅቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰዳት ውሎ አድሯል። ቤተሰቦቿ ዘንድ ያለውን ሁኔታ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ዝርዝሩ የእሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። በየማታው እናቷ ጋ እንደምትደውል፣ ካልተነሳላት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ይዛ እንደምታድር ብቻ ልናገር።

ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ ቦታ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ይኸው አዋጅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረን ሠራተኛ ማሰናበትም ይፈቅዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የሐኪም ወረቀት ነው። እግሯ የተሰበረች ልጅ ሰው ደግፎ ይወስዳታል፣ ወረቀቷን ታመጣለች። ይህቺኛዋ ግን ከቤት መውጣት እንደማትችል የሚመሰክረውን ወረቀት ለማግኘት ከቤት መውጣት አለባት። ትናንት ብትሆን ትመረቅ ነበር፤ ዛሬ ትሰናበታለች። መራቂውም አሰናባቹም በሯን አንኳኩቶ «ምን ሆንሽ?» አላላትም።

ኃላፊዬን አነጋገርሁት። «ለእሷ ሐኪም ቤቷ ድረስ ብልክ ነገ ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ይምጣልኝ ይለኛል» አለኝ። ሥጋቱን አልናቅሁትም፤ ምርት የሚጠየቅ ሰው ነው። የጠየቅሁት ግን ትንሽ ነው። ሳታሳውቅ የቀረች ሠራተኛ ስሟ ወደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመሄዱ በፊት አንድ የጤና ባለሙያ ወይም አንድ የሥራ ባልደረባ ቤቷ ሄዶ ይጠይቃት፤ እንደ ሁኔታው ምርመራው እዚያው ይደረግላት። ይህንን ጽፌ አስገብቻለሁ።

እሁድ እሁድ እሷ ጋ እሄዳለሁ። በሩ ላይ መቆም ጀምረናል፤ ባለፈው እስከ ውሃ ቦኖው ደርሰን ነበር። «እትዬ፣ እንመለስ» ስትለኝ «ትንሽ እንቆይ፣ ይወርዳል» እላታለሁ፤ ወርዶላት ነው የተመለስነው። ማሽኗ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ላስገባሁት ጥያቄ መልስ ሳይሰጠኝ እንደማላዘጋጀው ለኃላፊዬ ነግሬዋለሁ።